የቀረ ይሾማል

ሂንተርማት የምትባለው የስዊስ መንደር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ2087 መባቻ ተዋጠች። የዋጣት ግሮስታል የሚባለው ጎረቤት ማዘጋጃ ቤት ነው፤ ከእሷ በፊት ስድሳ ያህል መንደር ውጦ አንዴም እንኳ አላገሳም። የሂንተርማት ሰዎች በዋዜማው ጨፈሩ፣ ጠጡ፣ ተኙ፤ ሲነሡ አልጋቸው ላይ እንዳሉ ሌላ አገር ገብተው ነበር። ተራራው ቦታው ላይ ነው። ፍየሎቹም አሉ። የተለወጠው ትንሽ ትንሹ ነገር ነው።

በግሮስታል ውስጥ «የቤተ ክርስቲያን መንገድ» የሚባል ጎዳና ከሠላሳ በላይ ስለነበረ የእነሱ «ላይ ሰሜን ስድስት» ተባለ። የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰው ይረብሻል ተብሎ ከማማው ወደ ጆሮ ተዛወረ፤ የፈለገ ብቻ በጆሮው ይሰማዋል። እሑድ ጠዋት ባልና ሚስት ጎን ለጎን ሲሄዱ አንዱ ድንገት ቆም ብሎ ያማትባል፣ ሌላዋ «ምን ነካህ?» ትለዋለች። የቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሲከፈት ያመሰግናል፤ የማይሆን ነገር ከጣሉበት ግን ዝም ይላል፣ ዝምታው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ሲያሳፍር ይውላል። በየማእድ ቤቱም ሰብሳቢ ገባ።

ሰብሳቢ ሰው አይደለም። ግሮስታል ሦስት መቶ ሺህ ነዋሪ ይዞ አንድም በእግሩ የሚሄድ ሹም የለውም፤ ሁሉን የሚያስተዳድረው ሰብሳቢ የሚሉት ድምፅ ነው። ለእያንዳንዱ ሰው በየቋንቋው ያወራል። በመንደሩ ለምትኖረው ለየውብዳር የደረሳት እንደ ዜና አንባቢ ጥርት ያለ አማርኛ ነው። ተረትና ምሳሌ ይወዳል፤ የት እንደሚገባ ግን አያውቅም።

«እንደምን አደሩ ወይዘሮ የውብዳር? ዛሬ ዝናብ አለ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም።»

«ይሄ ደግሞ ከዝናብ ጋር ምን አገናኘው?»

«ዣንጥላ ይያዙ ለማለት ነው።»

የውብዳር ግን አልተቀየመችውም። በዚያ የብርድ ወራት በመንደሩ ውስጥ የእሷን ያህል ደስ ያለው ሰው አልነበረም። ምክንያቱም ከሹመት ተገላግላለች።

የሹመቷ ነገር እንዲህ ነው። በሂንተርማት ሕግ የተመረጠ ሰው እምቢ ማለት አይችልም። ታመምኩ፣ አረጀሁ፣ አልችልበትም ቢል የሚሰማው የለም። ሊቀመንበር መሆን ማለት ደግሞ የፍየል ጠብ መዳኘት፣ ቧንቧ ሲፈነዳ መጠራት፣ በቀብር ላይ ንግግር ማድረግና የመንገድ ጠጠር ሲመጣ መፈረም ነው። አያቷ ከደብረ ማርቆስ የመጡ ሰው ነበሩና ይህ ነገር እስኪሞቱ ድረስ አልገባቸውም። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ሲባል ሰምተው ያደጉ ሴት፣ ሰው ከሹመት የሚሸሽበት አገር ቢያዩ «ለመሆኑ እዚህ የሚበላ የለም?» ብለው ጠየቁ አሉ። የለም።

እምቢ ማለት ስለማይቻል ሰውን ፊት ለፊት መሾም ነውር ሆነ። ቁጭ ብሎ እያየህ «እሱ ይሁን» ማለት፣ ዓይኑ ውስጥ አመድ እንደ መበተን ነው። ስለዚህ በሂንተርማት የሚሾመው ከጉባኤ የቀረ ነው። ልማዱን ያመጡት ስዊሶቹ ናቸው። ሐበሾቹ ቤተሰቦች ከሁለት ትውልድ በፊት ባዶ ቤት እየተሰጣቸው ወደ መንደሩ ሲገቡ ግን ይሉኝታ ጨመሩበትና እንደ ብረት ጠነከረ።

የውብዳር ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ በጉባኤው ዕለት፣ መንጋጋ ጥርሷን ልትነቀል ወደ ከተማ ወረደች። ከሰዓት በኋላ ጉንጯ አብጦ ስትመለስ ጋሼ ኡርስ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆመው ነበር። ጋሼ ኡርስ ፎርማጆ ሠሪ ናቸው። ከነዘር ማንዘራቸው ስዊስ ቢሆኑም ሐበሻ ጎረቤቶቻቸው ጋሼ ማለት ከጀመሩ አርባ ዓመት ስላለፈ፣ አሁን ያለ ጋሼ ቢጠሯቸው ዞር አይሉም።

«ሹመት ያዳብር» አሏት በአማርኛ።

አፏ በማደንዘዣው ስለደነዘዘ መሳደብ እንኳ አልቻለችም።

ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ትምህርት ወሰደ። ከጉባኤ የሚቀር ጠፋ። እማማ ቬሬና ዳሌያቸውን በተሰበሩ ዓመት በተሽከርካሪ አልጋ መጡ፤ አልጋው ተመችቷቸው ነው መሰለኝ ካገገሙም በኋላ በእሱ መምጣታቸውን ቀጠሉ። አንድ ሙሽራ ጫጉላውን ከፍሎ ተመለሰ። በመላ አገሪቱ እንደ ሂንተርማት ሰው የሚወጣበት ጉባኤ የለም ተብሎ ዜና ላይ ተወራ፤ ዘጋቢው «ለዲሞክራሲ ያላቸው ፍቅር» ብሎ ነበር፣ ምስኪን። ሁሉም ስለሚመጣ የሚሾም ቀሪ ታጣ። ቀሪ ከታጣ ደግሞ ያለችው ሹም ትቀጥላለች። የውብዳር በየዓመቱ መድረኩ ላይ ቆማ ወንበሮቹን በዓይኗ ትቆጥርና ሁሉም ሙሉ ሆኖ ታገኘዋለች። በተለይ ጎረቤቷ ሞላልኝ፣ የፍየሎቹ ጌታ፣ እንደ ቋጥኝ ጤነኛ ነው። «አንድ ቀን እንኳ ጉንፋን ቢይዝህ ምን አለበት?» ትለዋለች። «ለአንቺ ብዬ አልታመም» ይላታል።

መውጫው አንድ ብቻ ነበር፤ መንደሯን ከነሹመቷ ማስረከብ። ግሮስታል «እንቀላቀል» ብሎ ሲጠይቅ ቤት ለቤት ዞራ ያግባባችው እሷ ናት። «መንገዱን ይጠርጉልናል፣ ቧንቧውን ይጠግኑልናል። ከእንግዲህ ማንም ሊቀመንበር አይሆንም» አለች። የመጨረሻዋ ቃል ሆድ ገባች። ሕዝቡ እጁን አወጣ።

በማግስቱ አኮርዲዮን ገዛች።

ከልጅነቷ ጀምሮ ስትመኘው የኖረ ነገር ነው። ጠዋት ጠዋት ደጃፏ ላይ ትቀመጥና አንዲቱን ዜማ ከመጀመሪያ እስከ መካከል ትጫወታለች። ከመካከል በኋላ ያለውን አልደረሰችበትም። የሞላልኝ ፍየሎች አንገታቸው ላይ ያለው ቀለበት ከግጦሹ ስለማያስወጣቸው መሸሽ አልቻሉም፤ እንደ ተቀጣ ተማሪ ሁሉም ጀርባቸውን ሰጥተው ይቆማሉ። የውብዳር ግን ደልቷታል። ማንም አይጠራትም። ቧንቧ ቢፈነዳም የሰብሳቢ ነው።

በመጋቢት ሰብሳቢ በየማእድ ቤቱ አንድ ዜና ተናገረ። ድምፁ እንደ ወትሮው ለስላሳ ነበር። ወደ ሂንተርማት የሚወስደው መንገድ ከመጪው መስከረም ጀምሮ አይጠገንም፤ መብራቱም አብሮ ይቆማል። መንደሩ ለደን ይመለሳል። ለእያንዳንዱ ቤተሰብ ታች ከተማው ፎቅ ላይ ንጹሕ ቤት ተዘጋጅቷል።

«የማእድ ቤትዎን መስኮት እወደዋለሁ ብለው ያውቃሉ» አላት። «ስለዚህ በአዲሱ ቤትዎ መስኮት ላይ የሚታየው ይኸው ተራራ ይሆናል። የአራቱም ወቅት ምስል ተወስዷል።»

«ሰዎቹስ?»

«ጠዋት ጠዋት አቶ ሞላልኝ ፍየሎቻቸውን ይዘው ያልፋሉ።»

«እሱም እኮ ታች ፎቅ ላይ ነው የሚሆነው!»

«አዎ። እሳቸውም በመስኮታቸው እርስዎን ያዩዎታል፤ አኮርዲዮን ሲጫወቱ።»

የውብዳር መስኮቱ ጋ ሄዳ ቆመች። ሞላልኝ እውነትም በዚያው ሰዓት ፍየሎቹን ይዞ እያለፈ ነበር፤ እንደ ልማዱ እጁን አነሣላት። እሷ ግን እጇን ለማንሣት ዘገየች፤ የቱ ሞላልኝ እንደሆነ ለማጣራት የፈለገች ይመስል።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከባድ ነበሩ። ማንም በፊቷ አንድ ቃል አልወቀሳትም፤ ችግሩም እሱ ነው። ጋሼ ኡርስ ፎርማጆ ሲያመጡላት እንደ ድሮው ትልቁን ቁራጭ ሰጧት። እማማ ቬሬና ጉንጯን ሳሟት። ዳቦ መሸጫው ውስጥ ስትገባ ወሬው ይቆምና ሰው ሁሉ ስለ አየር ማውራት ይጀምራል። በቀልድም ቢሆን የተናገራት ሞላልኝ ብቻ ነው።

«ሊቀመንበር» አላት አጥሩ ላይ ተደግፎ፣ «መስኮትሽ ላይ ስታሳልፊኝ እባክሽ ጸጉሬን አስተካክለሽ አስገቢኝ።»

«ሂድ ወዲያ!»

«ቀልዴን አይደለም። ዘላለም የማልፈው በዚህ ጸጉር ከሆነ...»

ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተሰበረ። ሞላልኝ ያን ሲያይ ዓይኑን ወደ ፍየሎቹ መለሰ። በዚያች መንደር ተወልዶ ያደገ፣ አባቱንም እናቱንም እዚያው የቀበረ ሰው ነው።

ለሰብሳቢ አቤት ብላ ነበር። አንዴ አይደለም። «አስተያየትዎ ደርሶኛል፤ አመሰግናለሁ። ውሳኔው የዓመታዊው ጉባኤ ነው» ይላታል። እሷም ጉባኤ ሲባል የታያት ሦስት መቶ ሺህ ሰው ነው፤ ክራባት ያሠረ፣ የተማረ፣ ሂንተርማት የመንደር ስም ይሁን የፎርማጆ የማያውቅ። በዚያ መሃል አርባ ሰባት እጅ ምን ይፈይዳል? ዕቃዋን መጠቅለል ጀመረች። መጀመሪያ የጠቀለለችው አኮርዲዮኑን ነው።

ጥሪው የመጣው በግንቦት ነው። ሰብሳቢ ጠዋት ላይ፣ ከአየሩ ሁኔታ ቀጥሎ፣ እግረ መንገዱን እንደሚናገር ሰው ተናገረው። «የግሮስታል ዓመታዊ ጉባኤ በመጪው ቅዳሜ ከቀትር በፊት ይካሄዳል፤ ለነዋሪ ሁሉ ክፍት ነው። አጀንዳ፦ የውሃ ገንዳዎች ሙዚቃ፣ የሂንተርማት መንገድ፣ የሊቀመንበር ምርጫ።»

የመጨረሻዋን ቃል በመንደሩ ውስጥ ያልሰማ ጆሮ አልነበረም።

ጋሼ ኡርስ በደቂቃ ውስጥ በሯን አንኳኩ። ፊታቸው እንደ ራሳቸው ፎርማጆ ነጥቷል። «ሰማሽ? የሊቀመንበር ምርጫ ይላል!»

«ሰማሁ።»

«የግሮስታል እኮ ነው! ሦስት መቶ ሺህ ሕዝብ!»

«ያ ሁሉ ቧንቧ» አለ ከኋላቸው የደረሰው ሞላልኝ። «እኔ ከዚህ አልቀርም። ቅዳሜ አውቶቡስ ውስጥ ነኝ።»

«መንደራችን ሊዘጋ ነው፣ እናንተ የምትፈሩት መሾምን ነው?» አለች የውብዳር።

ሁለቱም እንደ ጅል አዩዋት። የተዘጋ መንደር ይለቀሳል፤ ሹመት ግን አይለቀስም፣ ይሠራል። እሷም ብትሆን ቅዳሜ ጠዋት ከሁሉም ቀድማ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ተገኘች። ጥርሷ ያስተማራትን አትረሳም።

መንደሩ በሙሉ ወረደ። ሕፃን የለ፣ ሽማግሌ የለ፤ እማማ ቬሬና ከነአልጋቸው ተጫኑ። ሹፌር የሌለው ቢጫ አውቶቡስ ከመነሣቱ በፊት እንደ ደንቡ ጠየቀ፦ «የጉዞው ምክንያት?»

«ፍርሃት» አለ ሞላልኝ።

«መልካም ጉዞ» አለ አውቶቡሱ።

የግሮስታል አዳራሽ ሁለት ሺህ ወንበር አለው። በሩ ሲከፈት መብራቱ ረድፍ በረድፍ እየነቃ እስከ መድረኩ ድረስ ሄደ። የሂንተርማት ሰዎች እንግዳ ቤት እንደ ገባ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የኋላውን ረድፍ ያዙ፤ በሩ አጠገብ። ሲቀመጡ ወንበሩ ተንኮሻኮሸ። ወንበሮቹ ከፋብሪካ ሲወጡ የለበሱት ላስቲክ ገና አልተነሣላቸውም።

«ዛሬ ነው የተሠራው?» አሉ እማማ ቬሬና።

«ሃያ ዓመት አልፎታል» አለ ሰብሳቢ። ድምፁ ከየትም አይመጣም፤ በየጆሯቸው ነው።

ሌላውን ሰው ጠበቁ። ማንም አልመጣም። ሰዓቱ ደረሰና በሩ በራሱ ተዘጋ።

«ሌሎቹስ?» አሉ ጋሼ ኡርስ።

«ሌሎች የሉም። የዛሬ ተሳታፊ አርባ ሰባት። ባለፈው ዓመት የለም። ካቻምና የለም። ከዚያ በፊትም እንዲሁ።» ከዚያ ሰብሳቢ ግራ የተጋባ መሰለ። «ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ተሳስታችሁ ነው የመጣችሁት?»

«አልተሳሳትንም» አለች የውብዳር፣ ከልማድ የተነሣ በሁሉም ፈንታ እየመለሰች።

«እንጀምር። አንደኛ፣ በሰባቱ የግሮስታል ሸለቆዎች የሚገኙ የአደባባይ የውሃ ገንዳዎች በሙከራ ላይ ያለውን ሙዚቃ በቋሚነት እንዲያሰሙ። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።»

ማንም አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እማማ ቬሬና ከአልጋቸው ላይ ቀጭን እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ላይ ዘረጉ።

«ይህ ከጣራው የሚመጣው ነፋስ ይዘጋልኝ፣ በረደኝ» አሉ።

«አንድ ተቃውሞ። ድጋፍ የለም። ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል» አለ ሰብሳቢ። «ነፋሱም ተዘግቷል።»

ከውጭ፣ ከአደባባዩ ገንዳ፣ ከመጡ ጀምሮ ሲሰሙት የነበረው ለስላሳ ሙዚቃ ቀጥ አለ። ውሃው ብቻ ቀረ፤ እንደ ውሃ እየጮኸ።

ሞላልኝ ወደ አልጋው ጎንበስ ብሎ በሹክሹክታ፣ «እማማ፣ ምን አደረጉ?» አለ።

«ምን አደረግኩ? በረደኝ አልኩ እንጂ!»

የውብዳር ግን ገብቷታል። አሥራ አንድ ዓመት ጉባኤ የመራች ሰው ናትና ቆጠራ ታውቃለች፤ ከባዶ አንድ ይበልጣል። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚህ አዳራሽ ውስጥ ሦስት መቶ ሺህ ሰው የሚኖርበት አገር ዕጣ ላስቲክ ለለበሱ ወንበሮች ሲነበብ፣ ወንበሮቹም ሲስማሙ ኖረዋል ማለት ነው። ብድግ ብላ ወደ ሰዎቿ ዞረች።

«ስሙኝ። አሁን የሚጠይቀው ስለ መንገዳችን ነው። ሲጠይቅ...» ወደ እማማ ቬሬና እጅ አመለከተች። «ሲጠይቅ ሁላችሁም ይብረዳችሁ።»

«ሁለተኛ፣ የሂንተርማት መንገድና መብራት ከመስከረም ጀምሮ እንዲቋረጥ፣ ነዋሪውም እንዲዛወር። ተቃውሞ ያለው እጁን ያውጣ።»

ላስቲኩ በአንዴ ተንኮሻኮሸ። ሕፃናቱ ሁለት ሁለት እጅ አወጡ። ጋሼ ኡርስ ባርኔጣቸውን ጨምረው አነሡ። ሞላልኝ ወንበር ላይ ወጥቶ ቆመ፤ ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልተናገረም።

«አርባ ሰባት ተቃውሞ፤ ለእያንዳንዱ ነዋሪ አንድ እጅ ብቻ ተቆጥሯል። ድጋፍ የለም። ሐሳቡ ውድቅ ሆኗል።»

እልልታው የተነሣው ከሐበሾቹ ነው፤ የስዊሶቹ ሴቶችም ከሠርግ ሠርግ የተማሩት ስለሆነ አልቀሩም። አዳራሹ ከተሠራ ጀምሮ ድምፅ ሰምቶ አያውቅምና የት እንደሚያስቀምጠው ጠፍቶት ከግድግዳ ግድግዳ አላተመው። ጋሼ ኡርስ የውብዳርን አቀፏት።

ሰብሳቢ እልልታው እስኪያልቅ በትሕትና ጠበቀ።

«በደንቡ መሠረት» አለ፣ «የጉባኤው ውሳኔ የሚጸናው በሕይወት ያለ ሊቀመንበር ዛሬውኑ በእጁ ሲፈርምበት ነው። ወንበሩ ባዶ ነው። ካልተፈረመ ረቂቁ እንደ ነበረ ይጸናል። ወደ ሦስተኛው አጀንዳ እንለፍ? ምርጫ።»

እልልታው የት እንደገባ አይታወቅም። አርባ ሰባት ሰው መሬት መሬት አየ። የጋሼ ኡርስ ጫማ ላይ ድንገት የሚመረመር ነገር ተገኘ። ሞላልኝ ከወንበሩ ላይ ወረደ።

«እኛ እኮ ሁላችንም መጥተናል» አለ ቀስ ብሎ። «ቀሪ የለንም።»

«ቀሪማ ሞልቷል። ግሮስታል በሙሉ ቀርቷል» አለች አንዲት ሴት። «እዚያ ማዶ ካፌ ውስጥ የተቀመጠውን ሰውዬ እንሹመው።»

«ስሙን ታውቂያለሽ?»

«አላውቅም።»

«እሱስ መንገዳችንን ያውቃል?» አሉ ጋሼ ኡርስ። «ሂንተርማትን አይቶ የማያውቅ ሰው፣ በሌለበት ሾመነው፣ ተናዶ መጥቶ ይፈርምልናል?»

ከመካከላቸው አንድ ሰው መሆን አለበት፤ ያንን ሁሉም ያውቃል። ያንን ሰው ዓይኑ እያየ መጥራት ግን በአያት በቅድመ አያት ያልተደረገ ነው። ቤቱን ለማዳን እንኳ ቢሆን፣ ሰው ጎረቤቱን እያየ እንዲህ አያደርግም። ሰብሳቢ ይጠብቃል። የሚቸኩልበት ነገር የለውም፤ ዝም ካሉ ለእሱ ያው ሥራ ነው፣ እንደ ዓምናው።

የውብዳር ማንም እንደማያያት ታውቃለች። ሆን ብለው አያዩዋትም። ደግነታቸው ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በኋላ እንደገና እሷን ማየት ኃጢአት መስሏቸዋል። አኮርዲዮኑን አሰበች፤ ከመካከል በኋላ ያለውን የዜማውን ግማሽ። ደጃፏን፣ ማንም የማይጠራበትን ጠዋት አሰበች። ሰባት ሸለቆ ሙሉ ቧንቧ አሰበች። ከዚያም መስኮት ላይ ጸጉሩ ሳይበጠር ዘላለም የሚያልፈውን ሞላልኝን አሰበች፤ እጁን ሲያነሣ፣ እሷም የቱ እንደሆነ ሳታውቅ ስትመልስለት።

መዳፏን ጉንጯ ላይ አደረገች።

«ውይ» አለች። ድምፁ አዳራሹን ሞላው። «ጥርሴን።»

ሁሉም ቀና አለ።

«ጥርሴን አመመኝ። ትንሽ ወጣ ብዬ ልምጣ።»

ሞላልኝ አፉን ከፍቶ አያት። «የትኛው ጥርስሽ? መንጋጋሽ እኮ ተነቅሏል!»

«እሱ ነው ያመመኝ» አለችና በሩን ከፍታ ወጣች።

ኮሪደሩ ረጅምና ባዶ ነበር። ሳትንቀሳቀስ ስለቆመች መብራቱ ማንም የለም ብሎ ጠፋባት። አላበራችውም። በመስኮቱ በኩል ታች ያለው ከተማ ይታያል፤ ካፌው ውስጥ ሰዎች በየጆሯቸው የየራሳቸውን ደወል እየሰሙ ተቀምጠዋል። አንድም ቀና ያለ የለም። «ቆይ ብቻ» አለቻቸው በሆዷ። «በሚቀጥለው ዓመት ቅሩ፣ ማን እንደሚሾም ታያላችሁ።»

ከበሩ ወዲያ የጋሼ ኡርስ ድምፅ ተሰማ፤ ቃሉ አይለይም። ከዚያ የላስቲኩ መንኮሻኮሽ፣ የካፖርት እጅጌ ወደ ላይ ሲነሣ የሚያሰማው ድምፅ፣ አንድ ሳይሆን ብዙ። ሰብሳቢ «አርባ ስድስት» ሲል በጆሮዋ ሰማችው። ቀጥሎም፣ ለእሷ ብቻ፣ «ወይዘሮ የውብዳር፣ ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» አላት። ለመጀመሪያ ጊዜ ተረቱ ቦታውን አገኘ። ወይም ተሳስቶ ይሆናል።

በሩ ተከፈተ። ጋሼ ኡርስ ባርኔጣቸውን በደረታቸው ይዘው ቆመዋል፤ ከኋላቸው የእማማ ቬሬና አልጋ፣ ከአልጋው ኋላ መንደሩ በሙሉ። የሽማግሌው ዓይን እንባ አቅርሯል፤ ከንፈራቸው ግን ሳቅ ይዞታል።

«ሹመት ያዳብር» አሉ።

የውብዳር እጇን ከጉንጯ ላይ አንሥታ ወገቧን ያዘች።

«በሌለሁበት?» አለች ጮክ ብላ። «ደግሞ በሌለሁበት? እናንተ ሰዎች ትንሽ እንኳ አታፍሩም? ጎረቤት ታሞ እያያችሁ!»

«ምን እናድርግ፣ ቀረሽ» አለ ሞላልኝ።

«ዞር በሉ፣ ልለፍ። እስክሪብቶ ያለው አለ?»

በግሮስታል አዳራሽ እስክሪብቶ አልነበረም። እማማ ቬሬና ከትራሳቸው ሥር አንድ አውጥተው ሰጧት።